ብልህነት ስንት እጁ በዘር ነው? ከመሐል ሜዳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። የ10 ዓመት ልጄ ከክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ይወጣል፤ በሩጫም የሚቀድመው የለም። የ7 ዓመቷ እህቱ ግን ዓመት ሙሉ ተምራ ፊደል አልያዘችም። አማቴ “ዘር ከልጓም ይጠቅሳል፣ እሷ የወጣችው ወደ አባቷ ወገን ነው” ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ የ3 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለመሆኑ ብልህነትና ተሰጥኦ ስንት እጁ በዘር፣ ስንት እጁ በአኗኗር ነው? ለሚወለደውስ ምን ላድርግ?»

በበለጸጉ አገሮች በተደረጉ የመንትዮች ጥናቶች፣ በአዋቂዎች መካከል ከሚታየው የማሰብ ችሎታ ልዩነት ከግማሽ የሚበልጠው ከዘር ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው። በሕፃናት ላይ ድርሻው ወደ 20 በመቶ ዝቅ ይላል፤ በ9 ዓመት ገደማ 40 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ አማትዎ ጨርሶ የሌለ ነገር አልተናገሩም። ሆኖም ይህ ቁጥር ስለ አንዲት ልጅ፣ ስለ እርስዎ ልጅ፣ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ምክንያቱን ቆየት ብዬ አስረዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ልጅቷ ትታይ። የ7 ዓመት ልጅ ፊደል አልያዘችም ሲባል ወደ ዘር ቆጠራ ከመሄድ በፊት መጣራት ያለባቸው ጆሮ፣ ዓይን፣ ደም፣ እንቅርትና እንቅልፍ አሉ። ሁሉም ቢሆን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጣራ ነው።

መጀመሪያ ያልያዘችው ምኑን እንደሆነ ይለዩ። ልጆች «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያሉ ገበታውን እንደ ዜማ ይወርዱታል፤ ዜማውን መያዝና ፊደሉን በመልኩ ማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአንድ ወረቀት መሐል አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ይቅደዱና በገበታው ላይ ከወዲያ ወዲህ እያዘዋወሩ ይጠይቋት። በተርታ እየዘመረች ነጠላውን ካላወቀች ችግሩ የአስተማመር ነው፤ ይስተካከላል። ከቅርብ ያወቀችውን ፊደል ሰሌዳ ላይ ካጣችው ዓይኗን ይጠርጥሩ። በመልክ የሚቀራረቡትን፣ ለምሳሌ «በ»ን ከ«ሰ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ» የምታምታታ ከሆነ በዚህ ዕድሜ ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም። በድምፅ የሚቀራረቡትን፣ «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» የምታቀያይር ከሆነ ግን ጆሮዋ መታየት አለበት።

የዓይኑን ምርመራ ቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። በነጭ ወረቀት ላይ የእንግሊዝኛውን «ኢ» ፊደል፣ ማለትም ባለ ሦስት ጣቱን፣ ቁመቱንም ስፋቱንም 17 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የመስመሩን ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ተኩል አድርገው በጥቁር ቀለም ይሳሉ። ልጅቷን 6 ሜትር አርቀው በቀን ብርሃን ያቁሟት፤ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሳትጫን ትሸፍን። ወረቀቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ጣቶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጇ እንድታሳይ ይንገሯት። 5 ጊዜ ተጠይቃ 4ቱን ካላገኘች፣ በአንደኛው ዓይን ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የዓይን ባለሙያ ይያት። ዓይኗ የሚያሳክካት፣ የሚያለቅስ ወይም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የሚወጋት ከሆነ ምርመራውንም ሳይጠብቁ ይውሰዷት፤ ትራኮማ ከአገራችን ሁሉ የጠናው በአማራ ክልል ነው።

ለጆሮዋ ደግሞ ከኋላዋ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይቁሙ፤ አፍዎን እንዳታይ ነው። አንደኛውን ጆሮዋን በጣትዎ ደፍነው ጣትዎን እያነቃነቁ፣ «በግ፣ ሦስት፣ ውኃ» የመሳሰሉ ሦስት ቃላት በሹክሹክታ ይበሉ፤ ትድገማቸው። ከተነገሯት ቃላት ግማሹን እንኳ መድገም ካቃታት ትመርመር። ከ2 ሳምንት በላይ መግል የሚወጣው ጆሮ በራሱ ጊዜ ይድናል ተብሎ አይተውም። ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ሌላ ነገር አያንጠባጥቡበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጥቅልል እያደረቁ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። በአንድ ጆሮዋ የምትሰማ ልጅ ቤት ውስጥ ችግሯ አይታወቅም፤ 60 ተማሪ በሚንጫጫበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን «ሰነፍ» ትባላለች።

ደም ማነስን በተመለከተ መሐል ሜዳ ላሉ ሰዎች ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ11.5 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል፤ ይህ ግን በባሕር ወለል ከፍታ ለሚኖር ሰው የተቀመጠ ልክ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ደሙን ያበዛል፤ ስለዚህ መለኪያው ላይ 2 ግራም ገደማ መጨመር አለበት። የላቦራቶሪው ወረቀት «12.5፣ ደህና ናት» ቢልም ልጅቷ ደም ያነሳት ልትሆን ትችላለች። ሐኪሙን «የከፍታው ማስተካከያ ታስቧል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ የምትበላ፣ ቶሎ የሚደክማት፣ የዓይኗ ቆብ ውስጡ የነጣ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የብረት እጥረት ሄሞግሎቢን ሳይወርድም ትኩረትን ያሳጣል።

አንገቷን ቀና አድርጋ ምራቋን ስትውጥ ከፊት ለፊት እብጠት የሚታይ ከሆነ እንቅርት ነው፤ ወደ ጨው ስንመጣ እመለስበታለሁ። እንቅልፏ ከ9 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ በሌሊት ተነስታ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ይህን አታገኝም። ድንገት ለ10 ሰኮንድ ያህል ፍዝዝ ብላ ስትጠራ የማትሰማ፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ የምትቀጥል ከሆነች ደግሞ ይህ ሐሳቧ መበተኑ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ የሚጥል በሽታ ዓይነት እንዲህ ነው የሚታየው፣ መድኃኒትም አለው። ጸበል ቢወስዷትም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ። በመጨረሻም መዝገቡን ይጠይቁ፦ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ስንት ቀን ተከፈተ? እሷስ ስንቱን ቀን ተገኘች? በገበያ ቀን፣ በአጨዳና በጥበቃ ምክንያት የቀረችባቸው ቀናት ሲደመሩ «ዓመት ሙሉ ተምራ» የተባለው ሦስት ወር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ማስተማር ነው። ገበታውን ይተዉትና ከስሟ ፊደላት ይጀምሩ። በአንድ ጊዜ ከ3 ወይም ከ4 ፊደል አይበልጥም፤ በቀን 15 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፤ ትናንት የተማረችውን ሳታስታውስ አዲስ አይጨመር። የመጀመሪያውን ረድፍ፣ ግዕዙን ብቻ ትጨርስና ከዚያ ካዕቡን ይጨምሩ፤ ቅጥያው በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ይፈጥንላታል። በ3 ወር ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ቀድሞውንም ከ18 ወሯ በኋላ ቆማ የሄደች፣ በ2 ዓመቷ ሁለት ቃል ማገናኘት ያልቻለች ከነበረች፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ተጽፎላት የሕፃናት ሐኪም ይያት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ይህ ሁሉ «በመቶ» የመጣው ከመንትዮች ነው። ከአንድ ዕንቁላል የተከፈሉ መንትዮች ዘረመላቸው፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የሰውነት መመሪያ፣ አንድ ነው፤ ሌሎቹ መንትዮች እንደማንኛውም ወንድምና እህት ግማሽ ያህሉን ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የ111 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ፣ በማሰብ ችሎታ ፈተና ፍጹም መመሳሰል 1 ቢባል፣ አብረው ያደጉ የአንድ ዕንቁላል መንትዮች 0.86፣ ተለያይተው ያደጉት 0.72፣ ሌሎቹ መንትዮች 0.60፣ ተራ ወንድምና እህት 0.47 ሆኑ። ተለያይተው ያደጉት አብረው ካደጉ ወንድምና እህት በላይ መመሳሰላቸው የዘርን ጉልበት ያሳያል። ድርሻው በዕድሜ እያደገ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ትልቅ የመንትዮች ጥናት በ9 ዓመት 41፣ በ12 ዓመት 55፣ በ17 ዓመት 66 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ልጅ ሲያድግ የሚያነበውን፣ ጓደኛውን፣ የሚውልበትን ራሱ ስለሚመርጥ ተፈጥሮው የወደደውን አካባቢ በዙሪያው ይሰበስባል፤ ለዕድገቱ የሚሰጠው ዋናው ማብራሪያ ይህ ነው።

66 በመቶ ማለት ግን ከልጁ ጭንቅላት 66 እጁ ከወላጅ፣ 34 እጁ ከምግብና ከትምህርት የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው በሰዎች መካከል ያለን ልዩነት ነው። የመንዝ በግ አርቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል፦ ለአውራ የሚሆን ጠቦት በ6 ወሩ ሲመዘን፣ አንድ ግጦሽ ላይ ከዋሉት መካከል የከበደው ከፊል ምክንያቱ ዘሩ ነው፤ ስለዚህም ይመረጣል። በልግ ቀርቶ ግጦሽ ሲጠፋ ግን ምርጡም ተራውም አብረው ይከሳሉ። በመንጋው ውስጥ ያለው ብልጫ ከዘር መምጣቱ፣ መንጋው በሙሉ በመኖ እጥረት የስንት ኪሎ ባለዕዳ እንደሆነ አይነግርም።

ለዚህ ነው ብልህነት በዘር የሚወረስ ሆኖ ሳለ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገሮች የማሰብ ችሎታ ፈተና (አይ ኪው) ውጤት በየ10 ዓመቱ በ3 ነጥብ ገደማ ሲጨምር የኖረው። የሰው ዘር በ10 ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው ምግቡ፣ ትምህርቱና ጤናው ነው። በስዊድን ደግሞ አንዱ ከወላጆቹ ጋር፣ ሌላው በጉዲፈቻ ያደጉ 436 ጥንድ ወንድማማቾች ለውትድርና ሲመረመሩ፣ በጉዲፈቻ የተሻለ ቤት የገባው በአማካይ 4.4 ነጥብ በልጦ ተገኘ። ትምህርት በራሱ ከ600,000 በላይ ሰዎችን ባካተቱ ጥናቶች ሲመዘን አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የ7 ዓመት መንትዮች ሲጠኑ ደግሞ የዘር ድርሻው በደህና ቤተሰብ 72 በመቶ፣ በድሃ ቤተሰብ 10 በመቶ ሆነ። ይህ ውጤት በአውሮፓ አልተደገመም፤ የድሃና የሀብታም ልጅ ልዩነቱ በጠበበበት አገር አለመታየቱ ግን ብዙ አያስገርምም። ለመንዝ የሚቀርበው የትኛው ነው ብትሉኝ እኔ የምፈርደው ለአሜሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 41 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ፣ ነበሩ፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የዘር ልዩነት ከመታየቱ በፊት ረኃብና ሕመም ቀድመው ይለያሉ።

ወንድምና እህት መለያየታቸውም እንግዳ ነገር አይደለም። አማካዩ 100 በሆነው በዚሁ ፈተና መለኪያ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአማካይ 17 ነጥብ ይራራቃሉ፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች 12። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱም ከአባቱም የሚያገኘው በዕጣ የተቀላቀለ ግማሽ ነው፤ «ወደ እገሌ ወገን ወጣች» የሚለው አነጋገር አንድ ወገን ብቻ የተወረሰ ያስመስለዋል እንጂ እንዲያ የሚሆን ነገር የለም።

«ብልህነት ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው» የሚለው በየስልኩ የሚዞር ወሬም ትክክል አይደለም። ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም (ዘረመሎችን የሚሸከም ክር) ላይ ሲበላሹ የአእምሮ ዕድገት ችግር የሚያመጡ በርካታ ዘረመሎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ወሬው የመጣውም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። መደበኛው የችሎታ ልዩነት ግን በሁሉም ክሮሞሶሞች ላይ የተበተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የ269,867 ሰዎች ዘረመል ተመርምሮ ከብልህነት ጋር የተያያዙ 205 ቦታዎች ተገኙ፤ ሁሉም ተደምረው ያብራሩት ከልዩነቱ 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። የተመረመሩትም የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ በእኛ ላይ ሲሞከር ደግሞ የመተንበይ አቅሙ ከዚህም ይቀንሳል። ከምራቅ ዘረመል መርምረን የልጅ ተሰጥኦ እንለያለን ለሚሉ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከዘር ጋር በተያያዘ አበው በትክክል የሠሩት ነገር ቢኖር እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባትን ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ከሁለቱም ወገን የመገናኘት ዕድሉ ስለሚሰፋ፣ ልጅ ከነጉድለቱ የመወለዱ ዕድል ወደ እጥፍ ይጠጋል። አማትዎ ዘር መቁጠር ከወደዱ እዚህ ላይ ይቁጠሩ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ነው። የሽሉ አንጎል ሲሠራ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ (ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው) የሚያመነጨው ሆርሞን ያስፈልገዋል፤ ሆርሞኑ የሚሠራው ከአዮዲን ነው። እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ ፅንሱ ለራሱ በቂ ሆርሞን ስለማይሠራ የእናቱን ይካፈላል። ተራራማ አገር ላይ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ለዘመናት እያጠበ ወስዶታል፤ ገብሱም፣ ባቄላውም፣ የበጉም ሥጋ የሚይዘው ጥቂት ነው። ስለዚህ መንገዱ ጨው ብቻ ነው። አዮዲን በጠፋባቸውና ባልጠፋባቸው አካባቢዎች ያደጉ ልጆች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከ12 እስከ 13 ነጥብ ይደርሳል፤ በዚህ ጽሑፍ ከጠቀስኳቸው የአኗኗር ጉዳዮች ሁሉ ትልቁ ቁጥር ይህ ነው፣ ዋጋውም ትንሹ።

አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ 250 ያስፈልጋቸዋል። ቤት የደረሰ ጨው በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ነገር ግን ከአፋር በኩል የሚመጣው ጥሬ ጨው አሁንም በገበያ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተከፍቶ ይሸጣል፤ ለከብት ተብሎ ይገዛና ወጥ ቤት ይገባል። የታሸገውን፣ «አዮዲን ያለው» የሚለውን ይግዙ። የታሸገውም ቢሆን በአያያዝ ይጠፋል፦ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ፣ ከምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ፣ ክዳን ከሌለው፣ እርጥበት ከነካው አዮዲኑ ይበናል። «ቆሻሻ አለው» ብሎ ጨው ማጠብ ደግሞ አዮዲኑን ከውኃው ጋር መድፋት ነው። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ይህ ማለት ጨው ይብዛ ማለት አይደለም፤ ደም ግፊት ላለባት ነፍሰ ጡር ጨው ማብዛት አደጋ ነው። እርሷም ሆነች ልጅቷ እንቅርት ካላቸው ክትትሉ ላይ ይነገር፤ የሆርሞን ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከጨው ቀጥሎ አይረን ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው፤ በየቀኑ አንድ፣ ቢያንስ 3 ወር። ብዙ እናቶች የሚያቋርጡት ስለሚያቅለሸልሻቸውና ሰገራቸው ስለሚጠቁር ነው። መጥቆሩ ችግር የለውም፤ ለማቅለሽለሹ ማታ ከራት በኋላ ይዋጥ። ከቡናና ከሻይ ጋር ከተወሰደ ግን ብረቱ ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል፤ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑር፤ ሦስቱንም ስኒ የምትጠጣ ከሆነ ሁለት ሰዓት ይሻላል። ፎሊክ አሲድ የሕፃኑን ሕብለ ሰረሰር ክፍት ሆኖ ከመቅረት የሚጠብቀው ከፅንሱ 28ኛ ቀን በፊት ሲሆን ነው፤ የባለቤትዎ ጊዜው አልፏል፣ ለደሟ ግን ትቀጥል። የሚቀጥለው እርግዝና ሲታሰብ ከመፀነሱ በፊት ይጀመር።

ጠላም ሆነ አረቄ በእርግዝና ጊዜ አይጠጣም፤ ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የተለየ መጠን የለም። «ጠላ ወተት ያመጣል» የሚባለውም ጡት ለምታጠባ አይሠራም፤ ወተቱን የሚያመጣው ሕፃኑ ደጋግሞ መጥባቱ ነው። የብርዱ አገር ሰው በር ዘግቶ ኩበት ያነዳል፤ ጢሱ የፅንሱን ክብደት ይቀንሳል። ምድጃው ከመኝታው ይለይ፣ ከሰል ተያይዞ አይታደር። (ጓያን የሚፈሩም አሉ። ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ጓያ የሚያሽመደምደው እግርን ነው፤ አእምሮን አይነካም።) ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላ የምትወርድ ከሆነ ያለ አጎበር አትደር፤ ወባ በእናት ሆድ ያለውን ልጅ ያቀጭጫል፣ በልጆች ላይ ወደ አንጎል ሲወጣም ከተረፉት የአንዳንዶቹን ትምህርት አበላሽቶ ይተዋል።

ልጁ የሚወለደው በጤና ተቋም ይሁን፤ ሳይተነፍስ የቆየ አንጎል ኋላ በምግብ አይካስም። እንገሩ አይደፋ፤ ቅቤ ማስዋጥና ስኳር በውኃ ይቅር። ዓይኑን ኩል አይኳሉት፤ አንዳንዱ ኩል የሚሠራው ከእርሳስ ማዕድን ነው፣ እርሳስ ደግሞ አንጎልን ይመርዛል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫው እጅና እግሩ ላይ ከደረሰ ፀሐይ ማሞቅ አይበቃውም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ድምፁ የጎረነነ፣ ምላሱ የወፈረ፣ ሆዱ የሚደርቅና ቢጫው ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሕፃን የታይሮይድ ምርመራ ይደረግለት። መድኃኒቱ አንድ ክኒን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር ልጁን ያድነዋል፣ ሲዘገይ ግን የጠፋው አይመለስም።

6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ። ከዚያ የሚበላሸው በአጥሚት ነው፤ ቀጭን አጥሚት የሕፃኑን ሆድ በውኃ ይሞላዋል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ይሁን፤ 3 እጅ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት፣ 1 እጅ የተቆላ ባቄላ ወይም ሽምብራ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ተደርጎበት። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ። ዕንቁላሉ ገበያ ከመውረዱ በፊት አንዱ የልጁ ነው። በኢኳዶር በቀን አንድ ዕንቁላል የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨራቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ በማላዊ ሲደገም ያን ያህል አልታየም፤ ቢሆንም ጥሩ ፕሮቲን እምብዛም በማያገኝ ቤት እኔ ከመስጠቱ ወገን ነኝ። በዐቢይ ጾም ግን እናቶች ድስቱ እንዳይነካባቸው ሲሉ ለሕፃኑ የፍስክ ምግብ መሥራቱን ይተዋሉ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፤ ለእሱ የራሱ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ይለይለት፣ ነገሩ ያልቃል። ለነፍሰ ጡሯ ደግሞ የንስሐ አባቷን ታማክር።

ምግብ ብቻውን ግን አይበቃም። በጃማይካ ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ለ2 ዓመት ተጠኑ፤ ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ ወተት ተሰጠ፣ ለሌሎቹ የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ ቤት እየሄደች እናቲቱን ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት አሳየች። ከ20 ዓመት በኋላ ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ የወተቱ ጥቅም ግን ደብዝዞ ነበር። ጨዋታው የቆርኪ መደርደር፣ ክዳን መግጠም፣ የዕቃ ስም መጥራት፣ የጨርቅ አሻንጉሊት ማልበስ ነው። እናት እንጀራ እየጋገረች «ይሄ ምንድን ነው? ምጣድ!» ስትል እየሠራችው ነው። ልጅ በትልልቆች ፊት ዝም እንዲል የሚደረግበት ልማዳችን እዚህ ላይ ያስከፍላል፤ የጠየቀ ልጅ ይመለስለት።

ስለ ሩጫው። ልጅዎ ከጫጫ ተነስታ ዓለም ያወቃት የጌጤ ዋሚ አገር ሰው ነው፤ ከፍታውም መንገዱም ያግዘዋል። ተሰጥኦው ግን ሁለት ነገር ነው፦ ሳይለማመዱ ያለ አቅምና በልምምድ የማደግ አቅም። ለ20 ሳምንት አንድ ዓይነት ልምምድ በሠሩ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የአንዳንዱ ሰው ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ጨርሶ አላደገም፣ የአንዳንዱ በደቂቃ ከ1 ሊትር በላይ አደገ፤ ከዚህ የዕድገት ልዩነት 47 በመቶው በዘር የመጣ ነበር። ስለዚህ «ብዙ ቢለማመድ ማንም ይደርሳል» የሚለውም ውሸት ነው። ታስቦበት የሚደረግ ልምምድ በሰዎች መካከል ካለው የብቃት ልዩነት በስፖርት 18፣ በሙዚቃ 21፣ በትምህርት 4 በመቶ ብቻ ያብራራል። የሠለጠኑበት ችሎታም ከቦታው አይርቅም፤ ዳዊት በቃሉ የያዘ ልጅ ለሂሳብ ሌላ ልምምድ ያስፈልገዋል።

በ10 ዓመቱ አንድ ርቀት መርጦ በሰዓት እየለኩ ማሠልጠን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ የቅልጥሙ አጥንት ጫፍ ገና ያልጠነከረ ነው፣ ተረከዙና ጉልበቱ ሥር የሚቆይ ሕመም ከተሰማው ያርፍ። ኳስም፣ ዝላይም፣ ዳገትም ይጫወት፤ ጠንከር ያለ ልምምድ ከ13 እና 14 ዓመቱ በኋላ ይድረስ። ከሮጠ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሶም ቆሎም ይብላ፣ ደሙም እንደ እህቱ በከፍታው ልክ ይመርመር፤ ትንፋሹ ሳያንሰው እግሩ የሚከብደው ሯጭ ልጅ ብዙ ጊዜ ብረት የጎደለው ነው።